ከልዑሉ ወንበር ስር

ኔፌድ ባሕርን የሚያውቃት በክብደቷ ነበር። ከጫካው ትከብዳለች፤ ከወህኒ ቤቱ ትቀላለች። ዝናብ በሚበዛበት የመከር ወራት ሸራዋ እርጥበት ስለሚጠጣ አንድ ተጨማሪ ሰው ታስጎትታለች። የትኛው መዘውሯ እንደሚያቃስት፣ የትኛው ገመዷ እንደሚንሸራተት፣ ጀርባዋ የት የት ላይ እንደተጣፈ በጨለማ ዳብሶ ይናገራል። መልኳን ግን አይቶ አያውቅም። "ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ጎትቼ ባሕር ሳላይ ልሞት ነው" ብሎ ሲቀልድ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ራሱ ነበር። በሆዱ ግን ይቆጨው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቬሬስኮቮው ጌታ፣ ልዑል ኢፖሊት ሚካኢሎቪች፣ ከቤተ መንግሥታቸው አትክልት ጀርባ የእንጨት ቴያትር ቤት አሠርተው ነበር። ሌሎቹ መኳንንት ገባሮቻቸውን ዘፈንና ጭፈራ እያስጠኑ መድረክ ላይ ያወጣሉ፤ እሳቸው ግን ተዋናይ የሚባል ፍጥረት አይወዱም። "ተዋናይ ይሰክራል፣ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ያፈቅራል፤ ሸራ ግን ከሰቀሉበት አይጠፋም" ይሉ ነበር። ስለዚህ ከጣሊያን ሠዓሊ አስመጥተው ሸራ በሸራ ላይ አሳሉ። በእሳቸው ቴያትር መጋረጃው ሲከፈት ሰው የለም። ባለ ዓምድ ቤተ መቅደስ ይታያል፣ ሙዚቃ ይጫወታል፣ ከዚያ ፉጨት ይሰማል። በፉጨቱ ዓምዶቹ ሁሉ ወደ ግራና ቀኝ ይሸሹና ጫካ ይተካል። ደግሞ ፉጨት፣ ወህኒ ቤት። ደግሞ ፉጨት፣ ጎህ ሲቀድባት የምትታይ ባሕር። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ለማን እንደሚያጨበጭቡ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ያን ሁሉ ጫካና ባሕር የሚያመላልሱት ደግሞ ከመድረኩ ስር፣ በምድር ቤቱ ውስጥ፣ ገመድና መዘውር ይዘው የቆሙ የመንደራችን ልጆች ናቸው። አንድ ሰው ከላይ በመድረኩ ጥግ ቆሞ ያፏጫል፣ እነሱ ይስባሉ። ቤት ውስጥ ማፏጨት ገንዘብ ያሸሻል በሚባልበት በእኛ አገር እንደ ልብ የሚፏጭበት ቤት ያ ብቻ ነበር። ሲስቡ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። ስበው ሲጨርሱ ግን እስከሚቀጥለው ፉጨት ድረስ ከምድጃው ጎን ኩርምት ብለው እጃቸውን እያሞቁ ይንሾካሾካሉ። ምድጃው ለእነሱ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ጌታው እግራቸውን ሪህ ስለሚያማቸው ነው። ሙቀቱ በሸክላ ቦይ በወለሉ ስር አልፎ እሳቸው ከሚቀመጡበት ወንበር ስር ይወጣል። ለገባሮቹ የተረፋቸው ፍርፋሪው ሙቀት ነበር፤ እሱም ቢሆን በጥቅምት ብርድ ትልቅ ነገር ነው።

የኔፌድ የገመድ ጎረቤት ፓንክራት ይባላል። ሁለቱ የተወለዱት ሞስኮ በተቃጠለችበት ዓመት ነው፣ በአንድ ወንዝ ዋኝተዋል፣ በአንድ ሰሞን በአንድ አለንጋ ተገርፈዋል። ፓንክራት ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ድምፁ ከአፍንጫው የሚወጣ ሰው ነበር። ኔፌድ ደግሞ አጭር፣ ወሬኛ፣ ደስታውንም ንዴቱንም ሆዱ ውስጥ ማሳደር የማይችል። አንዱ ዳቦ ይዞ ከመጣ ሌላው ኪያር ይዞ ይመጣል። መንደሩ "የአንድ ገመድ ጫፎች" ይላቸው ነበር።

ታዲያ ኔፌድ የሸራ ጣፊዋን ልጅ ኡስቲንያን ወደደ። ኡስቲንያ የተቀደደ ሸራ የምትሰፋ፣ መርፌዋም ምላሷም የሚወጋ ልጅ ነበረች። ስለ ባሕሯ ሲጠይቃት "ከቅርብ ስታያት ሰማያዊ ጭቃ ናት፤ ከሩቅ ለማየት ደግሞ እንደ ጌታችን መሆን ያስፈልጋል" ብላ ታሾፍበት ነበር። በዚያው መከር ልዑሉ ኡስቲንያን ለጎረቤታቸው መኰንን ውሻ ጠባቂ ሊድሯት ቃል ገብተዋል የሚል ወሬ መጣ። ገባር አይጠየቅም፣ ይነገረዋል።

ልዑሉ ስሙን የወረሱት ቅዱስ በሚከበርበት ቀን ቴያትሩ ሲከፈት፣ ጫካው ወጥቶ ሙዚቃው ሲቀጥል፣ ኔፌድና ፓንክራት ምድጃው ጎን ተቀመጡ። ሌሎቹ ከወዲያ ማዶ መዘውሮቹ ላይ ናቸው።

"ለዚያ ለውሻ ጠባቂ ከሰጧት" አለ ኔፌድ በሹክሹክታ፣ "ይዣት ጌታ ወደሌለበት ወደ ዶን ወንዝ አገር እጠፋለሁ።"

"ዝም በል።"

"እውነቴን ነው። በረዶ ሳይጥል።"

"ዝም በል አልኩህ! ግድግዳም ጆሮ አለው።"

በማግስቱ ጠዋት ልዑሉ አስጠሩት። ኔፌድ ቆቡን እጁ ላይ እየጠመዘዘ ገባ። እሳቸው ቡና እየጠጡ፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ነበር።

"ኔፌድካ፣ ዶን ሩቅ ነው" አሉት። "ጫማህ ያደርስሃል?"

ኔፌድ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ጀርባው ገና ሳይገረፍ ይለበልበው ጀመር። ልዑሉ ግን ጫማውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አያደርስህም። ልጅቷን ላንተ ሰጥቻታለሁ፤ ከፖክሮቭ፣ ከመከሩ የማርያም በዓል በኋላ ተጋቡ። አንተ ዶን ከሄድክ ባሕሬን ማን ይጎትትልኛል?"

እጃቸውን ስሞ ወጣ። ደስታው ክንፍ ሆኖት ሊበር ምንም አልቀረውም። ደረጃው መሐል ሲደርስ ግን ቆመ። ማን ነገራቸው?

ፓንክራትን ያገኘው የጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ነው።

"አንተ ነህ የነገርካቸው?"

"ምኑን?"

"የዶንን ነገር።"

ፓንክራት መጀመሪያ ቀልድ መስሎት በአፍንጫው ሳቀ። "ልጅቷን ሰጡህ ሲሉ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለህ አንተ ቀበጥ!"

"ምድጃው ጋ ከእኔና ካንተ በቀር ማን ነበረ?"

የፓንክራት ሳቅ ጠፋ። ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። "አልተናገርኩም" አለ።

"ማልልኝ።"

"አንዴ አልኩህ፣ ኔፌድ። ለባዳ ሰው እምላለሁ። ላንተ ግን ሁለተኛ አልደግመውም።"

ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያ ሁለት ሰዎች አልተነጋገሩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ኔፌድ ሚስት አገኘሁ ሲል ጓደኛ ጣለ።

ኡስቲንያ በሠርጓ ማግስት ጀምራ "ምን አለበት? ነግሮስ ቢሆን? እኔን አገኘህ አይደል?" ትለው ነበር። እሱ ግን "መልካም ቢመጣበትም ጆሮ ጠቢ ጆሮ ጠቢ ነው" ይላል። ይባስ ብሎ ደግሞ ነገሩ እየተደጋገመ መጣ። ሳቢዎቹ ምድር ቤት ውስጥ እግራችን በብርድ አለቀ ብለው ያጉረመረሙ ሰሞን ከግቢው የሱፍ ቦት ጫማ ታደላቸው። የጎመን ሾርባው ሥጋ የለውም ባሉ ሳምንት ሥጋ ገባበት። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ በልዑሉ አፍንጫ ላይ ቀለደ፤ እሱ ጅራፍ ደረሰው። ወሬው ሁሉ እላይ ይደርሳል። ኔፌድ ምላሱን መያዝ የማይችል ሰው ስለሆነ የዶኑን ነገር ለሁሉም አውርቷል፤ ስለዚህ መንደሩም ፓንክራትን በዓይነ ቁራኛ ያየው ጀመር። እሱ ሲመጣ ጨዋታ ይቆማል። ቦት ጫማውን ግን ማንም አልመለሰም፤ ሾርባውንም ሁሉም ጠጣ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው።

ሁለቱ ጎን ለጎን መሳባቸውን አላቆሙም። ፉጨት ሲሰማ እጆቻቸው እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይወርዳሉ። በዚህ ረገድ ከእነሱ የበለጠ የተስማማ ጥንድ በአገሩ አልነበረም። ከዓቢይ ጾም በፊት ባለችው እሑድ፣ ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ ጎንበስ ብሎ "ይቅር በለኝ" በሚባባልባት ቀን፣ ኔፌድ ለአዛዡም፣ ለጠጅ ጣይዋም፣ ወለሉ ላይ ለሚሳብ ሕፃንም ሳይቀር ይሰግዳል። ከፓንክራት ደጃፍ ሲደርስ ግን መንገድ ይሻገራል። ኡስቲንያ ከኋላው እየሄደች "የሚሸሸው ደጃፉን ነው ወይስ የገዛ ነፍሱን?" ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ እንዲሰማ።

ፓንክራት ሚስት አላገባም፣ ንብ አረባ። በበጋ መጨረሻ፣ በማር በዓል፣ ለየቤቱ አንድ አንድ ሳህን ማር ያድላል። የኔፌድን ድርሻ ለኡስቲንያ በአጥር ያቀብላታል። ኔፌድ ዳቦውን እያጠቀሰ "ይሄ ማር ከየት መጣ?" ይላል።

"ከገበያ።"

"የገበያ ማር እንዲህ ይጣፍጣል?"

"ዘንድሮ ገበያው ጥሩ ነው።"

በየዓመቱ ይህንኑ ይባባላሉ። ኔፌድ ማሩ ከማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማወቁንም ኡስቲንያ ታውቃለች። ሳህኑን እስኪያብለጨልጭ ድረስ ይጠርገዋል። ከዚህ በቀር ኑሮው የተመቸ ነበር። ልጆች ወለዱ፣ ላም ነበረቻቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያው ይሞቃል፣ ኡስቲንያም እንደ በፊቱ ትስቅበታለች። አልፎ አልፎ ብቻ፣ አንድ የሚያስቅ ነገር ሲያይ፣ ወደ ጎኑ ዞር ይላል፤ የሚነግረው ሰው የለም።

ልዑሉ አረፉ። ወራሻቸው ፔተርስቡርግ ነው የሚኖረው፤ ቴያትሩ ተዘጋ፤ ወንበራቸው ነጭ ጨርቅ ለበሰ። ማንም አልተቀመጠበትም፣ አቧራ የሚያራግፈው እንኳ አይነካውም ነበር። ኋላም ነጻነት ታወጀና ቄሱ ወረቀቱን በቤተ ክርስቲያን አነበበልን። ግማሹ ሰው አለቀሰ፣ ግማሹ ምን እንደተባለ ጠየቀ። ኔፌድ ነጻ ሲወጣ ነጻ ሆኖ የሚሠራው ሌላ ሥራ ስላልነበረው የቴያትሩ ጠባቂ ሆነ። የወራሹ እናት ሥዕል የሚወዱ ሴት ስለነበሩ፣ በየበጋው ከኤልያስ ቀን በፊት መስኮቱ ተከፍቶ ሸራዎቹ ሁሉ በየተራ እንዲወጡ፣ ነፋስ እንዲያገኙና መዘውሮቹም እንዳይደርቁ ብለው ለሠራተኛ ይከፍሉ ነበር። የድሮዎቹ ሳቢዎች ልጆቻቸውን እያስከተሉ ይመጣሉ። ኔፌድና ፓንክራትም ገመዳቸው ጋ ይቆማሉ፣ እንደተኳረፉ።

አንድ በጋ ግን የኔፌድ ጉልበት እምቢ አለው። ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደው ደረጃ ገደል ሆነበት።

"ታዲያ ሥራውን ማን ሊመራ ነው?" አለ ቴያትሩ በር ላይ ቆሞ።

"ፓንክራት ነዋ" አለችው ኡስቲንያ።

"እሱ?"

"አይ፣ ጉልበትህ ይምራው! ና ግባ፣ ሽማግሌ።" ክንዱን ይዛ አዳራሹ ውስጥ አስገባችው። ከልዑሉ ወንበር ላይ ጨርቁን ገፍፋ አቧራው እስኪያስነጥሳት ድረስ አራገፈችው። "ተቀመጥ።"

"አብደሻል? የሳቸው እኮ ነው!"

"እሳቸው እንደሆነ ተነሥተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ባሕሬ፣ ባሕሬ እያልክ ስታነዘንዘኝ ነው የኖርከው። ከዚህ ወዲያ የተሻለ ቦታ የለም። ተቀመጥ፣ ወንበሩ አይነክስህም።"

ኔፌድ ጫፉ ላይ ብቻ፣ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው ሆኖ ተቀመጠ። መጋረጃው ተገለጠ። ቤተ መቅደሱን ሲያይ አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ ጀርባውን፣ አመድማ ሸራና ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ብቻ የሚያውቀው ነገር፣ ከዚህ ሲታይ ድንጋይ ነበር፣ እውነተኛ ድንጋይ፣ ጥላ ያለው። ፉጨት ተሰማ። ዓምዶቹ ሸሹ፣ ጫካው መጣ፣ በቅጠሎቹ መሐል ብርሃን ይወርዳል። "ወይ አምላኬ!" አለ። "ኡስቲንያ፣ እኛ ነን ይህን የምናደርገው?" ወህኒ ቤቱ መጣና የእውነት ፈራ። ቀጥሎ ባሕሯ ናት። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ያኔ ከእግሩ ስር የሰው ሳል ተሰማ።

ኔፌድ ዘወር ብሎ አየ። ማንም የለም። ደግሞ ድምፅ መጣ፣ ጥርት ብሎ፣ ጫማው ውስጥ ሰው የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ። የፓንክራት ድምፅ ነው።

"ዴሚድ፣ አሁን ባሕሯ ናት። እንደ ማገዶ እንዳትጎትታት፣ ቀስ አድርገህ ሳብ።"

"ምነው አያ ፓንክራት፣ ለነፋስ አይደል የምናወጣት?" ይላል አንድ ጎረምሳ።

"ዛሬ ኔፌድ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አይቷት አያውቅም።"

"እሱ እኮ ሰላም እንኳ አይልዎትም!"

"ቢለኝም ባይለኝም ባሕሯ የሱ ናት። ዕድሜውን ነው የሳባት። ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አምራ ትውጣለት።"

ኔፌድ ከወንበሩ ወርዶ በዚያ በሽተኛ ጉልበቱ ተንበረከከ። ከወንበሩ ስር የነሐስ ወንፊት ነበር፣ የሙቀቱ መውጫ። በጋ ስለሆነ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ቦዩ ባዶ ነው። ጆሮውን ነሐሱ ላይ ለጠፈ። የገመዱ ሲጥሲጥታ፣ የሰዎቹ ትንፋሽ፣ አንዱ የሱፍ ፍሬ በጥርሱ እየፈለፈለ ቅርፊቱን ሲተፋ ሳይቀር ይሰማል።

ዶን። ቦት ጫማው። ሾርባው። የአፍንጫው ቀልድ። ሁሉም ምድጃው ጎን የተወሩ ናቸው፣ ሁሉም ሪሃቸውን እያሞቁ ለተቀመጡት ለአንድ ሰው የደረሱ።

ፉጨት ተሰማ።

"ኔፌድ!" ብላ ጮኸች ኡስቲንያ። "እያት! ፀሐይዋ ስትወጣ፣ ውሃው ላይ... ወይኔ ስታምር! ኔፌድ!" ዘወር ስትል ባሏ በአራት እግሩ ተንበርክኮ ወለል ይስማል። "አንተ ሰውዬ! ስንት ዘመን ጠብቀህ ጠብቀህ፣ ስትመጣ ወለል ታያለህ?"

"ሰማሁት" አለ ኔፌድ።

"ማንን?"

"ፓንክራትን። እዚህ ሁሉም ይሰማል፣ ኡስቲንያ። ጆሮ ጠቢው ልዑሉ ራሳቸው ነበሩ።"

ኡስቲንያ መጀመሪያ ልትስቅ ነበር። ፊቱን አይታ ተወችው። አጎንብሳ እሷም አዳመጠች፣ ቀና ብላ አማተበች። "በል ሂድና ንገረው" አለችው።

"በምን ፊቴ?"

ወዲያው ፓንክራት እጁን በጨርቅ እየጠረገ በጎን በር ገባ። ሸብቷል፣ ቁመቱ ግን አልጎበጠም። እንደ ልማዱ በኡስቲንያ በኩል ነው የሚናገረው። "ባሕሯ እንዴት ነበረች በይው" አላት።

ኔፌድ ወንበሩን ይዞ እንደምንም ተነሣ። ለአዛዡና ለሕፃኑ የሚሰግደው ጀርባ እዚህ ላይ እንደ በር ሳንቃ ደረቀ። በመጨረሻ "ተቀመጥ" አለ።

ፓንክራት ወደ ኋላው አየ፣ ሌላ ሰው መስሎት። "እኔን ነው?"

"አንተን ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥና እንዳትንቀሳቀስ።"

ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ሄደ። ደረጃውን ቆሞ መውረድ ስላልቻለ እንደ ሕፃን በቂጡ እየተንፏቀቀ ወረደ፣ በየእርከኑ "ኡህ!" እያለ። ሳቢዎቹ ገመድ እንደያዙ አፈጠጡበት። ማንንም አላየም። ምድጃው ጋ ደርሶ ራሱን ወደ ቦዩ አፍ ሰደደ። ጥቀርሻው ጺሙን አጠቆረው።

"ፓንክራት" አለ። "ፓንክራት፣ አልተናገርክም ነበር። ይቅር በለኝ።"

ጠበቀ። ከላይ ምንም የለም። ጎረምሶቹ ሽማግሌው ምድጃ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ፓንክራት ወጥቶ ሄዶ ይሆን? ቢሄድስ ምን ይፈረድበታል?

ቆይቶ ከቦዩ ውስጥ ድምፅ መጣ።

"አልሰማሁም። ድገመው።"

ነገር ግን ከድምፁ ጋር አንድ ሌላ ነገር አብሮ መጣ፤ ከአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ። ኔፌድ ያን ሳቅ ከጉድጓዱ ውሃ ወዲህ በቅርብ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

"ሰምተሃል፣ አንተ ተንኮለኛ!"

"አልሰማሁም አልኩህ። ቦዩ ያረጀ ነው።"

"ይቅር በለኝ!" ብሎ ጮኸ ኔፌድ፣ መዘውሮቹ እስኪያስተጋቡ። "ይቅር በለኝ! ይቅር በለኝ! ማርህንም ዕድሜዬን ሙሉ ስበላ ኖሬአለሁ!"

"እሱን አውቃለሁ፣ ሳህኑ ታጥቦ ነው የሚመጣው።" ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እግዜር ይቅር ይበልህ፣ ኔፌድ" አለ። "እኔም ብዬሃለሁ።"

ኔፌድ ግንባሩን ከቀዝቃዛው ምድጃ ላይ አሳርፎ አለቀሰ፣ ጥቀርሻው በጉንጩ እየወረደ። ከላይ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ፤ አንድ ረጅም ሰው ተመቻችቶ እየተቀመጠ ነው።

"ኔፌድ!"

"አቤት!"

"እዚያ ከወረድክ አይቀር ባሕሯን እንደገና አውጣት እስቲ። እኔም እኮ አይቻት አላውቅም።"

ሸራዎቹን ወደ ወህኒ ቤቱ መለሱ። ኔፌድ በሸሚዙ እጅጌ ዓይኑን ጠርጎ፣ ዴሚድን በክርኑ ገፋ አድርጎ፣ የድሮ ቦታው ላይ ቆመና ገመዱን ያዘ። ፉጨቱ ሲሰማ ቀስ አድርጎ ሳበ። ሸራዋ በበጋው ሙቀት ስለደረቀች ባሕሯ ቀላል ነበረች።